የሞያሌ መስመርና የዶክተር ቦናያ ጎዳና ዲፕሎማሲ

ዶክተር ቦናያ ጎዳና ከ1998 እስከ 2001 የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የተወለዱት በ1952 ዱካና በምትባል መንደር ነው፤ ዱካና ከሞያሌ በስተምዕራብ፣ የኢትዮጵያን ወሰን ተጠግታ የምትገኝ የገብራ ግመል አርቢዎች መንደር ናት። ሕግ ተምረው በጄኔቫ ዶክትሬታቸውን ያገኙ፣ አገሮች በጋራ ስለሚጠቀሙባቸው ወንዞች መጽሐፍ የጻፉ፣ የሱዳንን ተፋላሚዎች ያደራደሩ ሰው ናቸው። በ2006 የሞቱት ደግሞ ጎረቤት የሆኑ ሁለት አርብቶ አደር ማኅበረሰቦችን ለማስታረቅ ሲጓዙ ነው። የሥራ ዘመናቸው ከምሥራቅ አፍሪካ የኢኮኖሚ ትብብር ታሪክ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። በናይሮቢ፣ በአዲስ አበባ ወይም በአሩሻ የተፈረመ ውል ፍሬው የሚታየው እንደ ሞያሌ ባሉ የድንበር ከተሞች በመሆኑ፣ የእሳቸውን ሕይወት ከዚያች ከተማ ነጥሎ መረዳት ያስቸግራል።

ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናት። አንደኛዋ በኬንያ የማርሳቢት አውራጃ ውስጥ፣ ሁለተኛዋ በኢትዮጵያ ምድር ትገኛለች። ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ያላት ርቀት እኩል ሊባል የሚችል ነው፤ በሁለቱም በኩል ወደ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጠዋት ኬላው ሲከፈት ከኢትዮጵያ በኩል ቦሎቄና ሽንኩርት የያዙ ማዳበሪያዎች፣ ከኬንያ በኩል ሳሙናና የፕላስቲክ ዕቃ በሰው ትከሻ፣ በጋሪና በሞተር ብስክሌት ይተላለፋሉ። ሹፌሮች ወሰኑን ሲያልፉ የመንገድ ጎን ይቀይራሉ፤ በኢትዮጵያ በቀኝ፣ በኬንያ በግራ ይነዳልና። ብርና ሽልንግ በአንድ ገበያ ይመነዘራሉ። ቦረና፣ ገብራ፣ ቡርጂ፣ ገሪ፣ ሰኩየ እና ሌሎችም በሁለቱም በኩል ዘመድ አላቸው፤ የኦሮምኛው፣ የሶማልኛው፣ የስዋሂሊውና የአማርኛው ንግግር በአንድ ሱቅ ደጃፍ ይሰማል። ለመንግሥታት የሁለት ሉዓላዊ አገሮች መገናኛ የሆነው ስፍራ ለነዋሪው የዕለት ጉርሱን የሚያገኝበት ሰፈሩ ነው።

ወሰኑ ራሱ የዲፕሎማቶች ሥራ ነው። ዲሴምበር 6 ቀን 1907 የዳግማዊ አፄ ምኒልክ መንግሥትና ብሪታንያ የኢትዮጵያን ደቡባዊ ወሰን በውል ተስማሙ። እንግሊዞች በሞያሌ ያቆሙት ጣቢያ ፎርት ሃሪንግተን ይባል ነበር፤ ስያሜው በአዲስ አበባ የብሪታንያ ተወካይ ከነበሩት ከጆን ሃሪንግተን የተወሰደ ነው። ያ ውል እስከ ዛሬ ሊነበብ የሚገባው አንድ ሐሳብ ይዟል፤ በመስመሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሰዎች እንደ ቀድሞው በሌላው ወገን ባለው የግጦሽ መሬት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የውሉ አርቃቂዎች ሁለት ነገር በአንድ ወረቀት ላይ ለማኖር ሞክረዋል፤ ለመንግሥታቱ የማይዛነፍ መስመር፣ ለከብቱና ለግመሉ ደግሞ ዝናብ ተከትሎ የሚያልፍበት በር። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው የተነሡ ችግሮች አብዛኞቹ እነዚህ ሁለት ነገሮች አብረው መሄድ ሲያቅታቸው የመጡ ናቸው። ሞያሌ በ1940 በጣሊያን ጦር ተከብባ ተይዛ፣ በቀጣዩ ዓመት ተመልሳለች። ኬንያ ነጻ ከወጣች በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ጆሞ ኬንያታ ጁን 9 ቀን 1970 በሞምባሳ አዲስ የወሰን ውል ተፈራረሙ፤ ከ860 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ድንበር ከዚያ ጀምሮ በሁለቱ አገሮች መካከል የጦርነት ምክንያት ሆኖ አያውቅም። በአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቦናያ ያደጉት የ1907ቱ መስመር ባለፈበት አገር፣ ውሃ ከሁሉ በላይ በሚከበርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። በቦረና ምድር ጥልቅ የሆኑት የቱላ ጉድጓዶች የራሳቸው ሕግ አላቸው። ጉድጓዱን የቆፈረው ጎሳ ስም ይታወቃል፤ ማን በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ ከብቱን እንደሚያጠጣ ተራውን የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አለ። የተጠማ እንግዳ አይከለከልም፤ ተራ የጣሰ ግን በጉባኤ ፊት ይጠየቃል። ከሰሜን ኬንያ ቆላ ወጥቶ ስለ ጋራ ውሃ ሕግ ሊያጠና ወደ አውሮፓ የሄደ ሰው የጥናቱን ጥያቄ ከቤቱ ይዞ ሄዷል ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው በጄኔቫ ከሚገኘው የዓለም አቀፍ ጥናት ከፍተኛ ተቋም ዶክትሬታቸውን አገኙ፤ ተመልሰውም በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ሆኑ። በ1985 የታተመው መጽሐፋቸው የአፍሪካን የጋራ የውሃ ሀብት ከሕግና ከተቋም አንጻር ይመረምራል። የመረጧቸው ተፋሰሶች ሦስት ናቸው፤ የአባይ፣ የኒጀርና የሴኔጋል። ምርጫው በራሱ ትምህርት ይሰጣል። የሴኔጋል ተፋሰስ አገሮች በ1972 የጋራ ድርጅት አቋቁመው ግድቦችን በጋራ ባለቤትነት እስከ መሥራት ደርሰዋል። በኒጀር ወንዝ ላይ በ1964 የጋራ ኮሚሽን ተቋቁሞ በ1980 ወደ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አድጓል። በአባይ ላይ ግን የቆዩት የ1929ኙና የ1959ኙ ስምምነቶች ናቸው፤ ሁለተኛውን ግብፅና ሱዳን ሁለቱ ብቻ ተፈራርመው ውሃውን ተከፋፍለውታል፤ ከፍተኛውን ድርሻ የምታመነጨው ኢትዮጵያ በስምምነቱ የለችበትም። ሦስቱን ተፋሰሶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ ውሃ የሚጋሩ አገሮች መጣላት ዕጣ ፈንታቸው እንዳልሆነና ልዩነቱን የሚፈጥረው የጋራ ተቋም መኖርና አለመኖር እንደሆነ በግልጽ ያያል። ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ሊያስታውሱት የሚገባው ነገር፣ ይህን ጥያቄ በሕግ ምሁር ዓይን የመረመረ ኬንያዊ ከ13 ዓመት በኋላ የአገሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መሆኑን ነው።

ወደ ፖለቲካ የገቡት በ1988 የኖርዝ ሆር ምርጫ ክልል የፓርላማ አባል ሆነው ነው። ኖርዝ ሆር በቆዳ ስፋቱ ከኬንያ ትላልቅ የምርጫ ክልሎች አንዱ ሲሆን አብዛኛው ምድሩ የጫልቢ በረሃና ዙሪያው ነው። መራጮቻቸው በየምርጫው መልሰው እየላኳቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በወንበሩ ቆይተዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የፓርላማው ምክትል አፈ ጉባኤ ሆነው አገልግለዋል፤ ረጋ ያለ የሕግ ሰው የሚያስፈልገው ቦታ ነው። በ1997 መጨረሻ ከተካሄደው ምርጫ በኋላ ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሰጧቸው።

ወንበሩን በያዙ በሰባተኛው ወር፣ ኦገስት 7 ቀን 1998፣ በናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ ተመታ። በናይሮቢ ብቻ 213 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ በአካባቢው ቢሮ ውስጥ የነበሩና በመንገድ ሲያልፉ የነበሩ ኬንያውያን ናቸው። በዚያው ሰዓት የዳሬሰላሙ ኤምባሲም ተመትቷል። ከግማሽ ዓመት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1999፣ የኩርድ አማፂያን መሪ አብዱላ ኦጃላን በናይሮቢ በግሪክ አምባሳደር መኖሪያ ተጠልሎ ቆይቶ በቱርክ እጅ ወደቀ። ኬንያ ሰውዬው የገባው ያለ እውቅናዋ መሆኑን ገልጻ ግሪክን ወቀሰች፤ ይህን ለዓለም የማስረዳቱ ሸክም በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ላይ ወደቀ። ሁለቱም ክስተቶች የኬንያ የራሷ ጠብ ያልነበሩ፣ በምድሯ ላይ የፈነዱ የሌሎች ጠቦች ናቸው። አንዲት ወደብ፣ ትልቅ አየር ማረፊያና ክፍት ኢኮኖሚ ያላት አገር በራሷ ጉዳይ ብቻ ተወስና መኖር እንደማትችል ሚኒስትሩ በሥራቸው መጀመሪያ ላይ ተማሩ።

ከዚህ ይልቅ በዘላቂነት የሚጠቀሰው ሥራቸው በኢጋድ ጥላ ሥር የተካሄደው የሱዳን ድርድር ነው። ኢጋድ በ1986 ድርቅንና በረሃማነትን ለመከላከል በጅቡቲ የተመሠረተ ድርጅት ነበር። በ1996 ሰላምንና የኢኮኖሚ ትስስርን በሥራው ጨምሮ እንደገና ተዋቀረ። የሱዳን ድርድር የተመራው በአባል አገራቱ ኮሚቴ ሲሆን ሰብሳቢነቱ የኬንያ ነበር። በሜይ 1998 በናይሮቢ በተደረገው ዙር፣ ቦናያ በመሩት ድርድር፣ የካርቱም መንግሥትና እሱን ይወጋ የነበረው የደቡቡ አማፂ ንቅናቄ ደቡብ ሱዳን በዓለም አቀፍ ታዛቢዎች ፊት የራስን ዕድል በራስ የመወሰን ድምፅ እንድትሰጥ በመርህ ተስማሙ። ደቡብ የሚባለው ግዛት የት ድረስ እንደሆነ ግን አልተስማሙም፤ በኦገስት በአዲስ አበባ የተደረገው ቀጣይ ዙርም በዚሁ ላይ ተሰናከለ። ሥራው ረጅም ነበር። በ2002 የማቻኮስ ፕሮቶኮል ተፈረመ፤ ጃንዋሪ 9 ቀን 2005 አጠቃላይ የሰላም ስምምነቱ በናይሮቢ ተፈረመ፤ ደቡብ ሱዳናውያን በ2011 ድምፅ ሰጡ። የስምምነቱ ክብር በብዙዎች ዘንድ ለኋለኞቹ አደራዳሪዎች ይሰጣል፤ ይህም ተገቢ ነው። መሠረቱ ከተጣለባቸው ድንጋዮች አንዱ ግን በ1998ቱ የናይሮቢ አዳራሽ የተቀመጠው ነው።

በዚያው ዘመን ኢጋድ ራሱ ተናወጠ። በሜይ 1998 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ተጀመረ፤ እስከ አልጀርሱ የዲሴምበር 2000 ስምምነት ድረስ የድርጅቱ ሁለት አባላት ጠላቶች ሆነው ቆዩ። ለኬንያ ደግሞ ጦርነቱ የራሱ ጭራ ነበረው። የኦሮሞ ነጻነት ግንባር ታጣቂዎች በድንበሩ አካባቢ ይንቀሳቀሱ ስለነበር፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች እነሱን ተከትለው ወደ ኬንያ ምድር ይገባሉ የሚል ክስ ከሞያሌና ከማርሳቢት ተደጋግሞ ይሰማ ነበር። በኦክቶበር 1998 በዋጂር አውራጃ ባጋላ በተባለ ስፍራ ከ100 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የደጎዲያ ሶማሌዎች፣ በታጣቂዎች ተገደሉ፤ ገዳዮቹ ከኢትዮጵያ በኩል መጥተዋል ተባለ። የአንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቋም እዚህ ላይ አስቸጋሪ ይሆናል። ኢትዮጵያ የኬንያ የረጅም ጊዜ የጸጥታ አጋር ናት፤ አቤቱታ የሚያቀርቡት ሰዎች ደግሞ የሚኒስትሩ የገዛ ጎረቤቶች፣ ቋንቋቸውን የሚናገሩ፣ በአንድ ጉድጓድ የሚያጠጡ ናቸው።

ከደቡብ በኩል የሚመጣው ዜና የተሻለ ነበር። በ1977 የፈረሰው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ኖቬምበር 30 ቀን 1999 በአሩሻ በሞይ፣ በሙሴቬኒና በምካፓ ፊርማ እንደገና ተመሠረተ፤ ውሉ በጁላይ 2000 ሥራ ላይ ዋለ። በኦክቶበር 2000 ኬንያ ከስምንት አገሮች ጋር የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ የሆነውን የኮሜሳን ነጻ የንግድ ቀጠና ጀመረች። በፌብሩዋሪ 1999 ደግሞ የአባይ ተፋሰስ አገሮች የናይል ቤዚን ኢኒሼቲቭን በዳሬሰላም ጀምረው ነበር፤ የተፋሰሱ አገሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡበት ማዕቀፍ ነው። ከዚሁ ድርድር የወጣውን የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ኢትዮጵያ፣ ዩጋንዳ፣ ሩዋንዳና ታንዛኒያ ሜይ 14 ቀን 2010 ፈረሙ፤ ኬንያም በአምስተኛው ቀን ተከተለች።

እነዚህ ድርጅቶች በካርታ ላይ እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ መደራረቡ የሚያስከትለው ችግር በሞያሌ ኬላ በግልጽ ይታያል። ኬንያና ኢትዮጵያ ሁለቱም የኢጋድም የኮሜሳም አባላት ናቸው። ኬንያ በኮሜሳ ነጻ የንግድ ቀጠና ውስጥ ስትሆን ኢትዮጵያ ግን ከዚያ ውጭ ሆና ቆይታለች። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጉምሩክ ኅብረት በ2005 ሲጀምር የኅብረቱ ሰሜናዊ ጠርዝ ሞያሌ ላይ አረፈ። ስለዚህ ከአሩሻ የተነሣ ዕቃ እስከ ኬንያ ሞያሌ ድረስ በአንድ የጉምሩክ ሥርዓት ይመጣና ጥቂት መቶ ሜትሮች አልፎ ወደ ሌላ ሥርዓት ይገባል። ትልቁ ነጋዴ ይህን በሰነድና በአስተላላፊ ይወጣዋል። አንድ ማዳበሪያ ቦሎቄ ይዛ የምትሻገር ሴት ግን አንድም ለትልልቅ አስመጪዎች የተሠራን ሥርዓት መከተል፣ አልያም በጫካው መንገድ አልፋ ኮንትሮባንዲስት መባል ይጠብቃታል። የአካባቢው መንግሥታት የጥቃቅን ንግዱን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ከጸጥታ ጉዳይ በታች አድርገው ማየታቸው ስህተት ነበር ለማለት ያስደፍራል፤ የድንበር ሕዝብ ሰላሙን የሚጠብቀው የሚያጣው ነገር ሲኖረው ነውና።

ቦናያ በ2001 ከውጭ ጉዳይ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወሩ። በ2002 መጨረሻ ፓርቲያቸው ካኑ ከ39 ዓመት ሥልጣን በኋላ ተሸነፈ፤ እሳቸው ግን በኖርዝ ሆር አሸንፈው በተቃዋሚ ወንበር ተቀመጡ።

የሥራቸው የመጨረሻ ምዕራፍ የጀመረው ጁላይ 12 ቀን 2005 ንጋት ላይ ነው። ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በቱርቢ መንደር ብዙ ታጣቂዎች ደረሱ። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት እየሄዱ፣ አንዳንዶቹም ግቢው ውስጥ ነበሩ። በጥቃቱ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች፣ ከነሱም መካከል ብዙ የገብራ ተማሪዎች ሞቱ። ጥቃቱ በቦረና ታጣቂዎች የተፈጸመ ነው ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ በቦረናዎች ላይ የበቀል ግድያ ተከተለ። ገብራና ቦረና አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ለዘመናት ተጋብተዋል፣ በአንድ ጉድጓድ አጠጥተዋል፣ በክፉ ቀን ከብትና ግመል ተጋርተዋል። ያ ሁሉ ዝምድና በአንድ ጠዋት ተቆረጠ። መንገዱ ተዘጋ፤ ገበያው በወገን ተከፈለ። በዚያው ላይ በ2005 መጨረሻ የዝናቡ ወቅት ከሽፎ ሰሜን ኬንያ በከባድ ድርቅ ተመታ፤ ውሃና ሣር ፍለጋ ሰው ከሰው ጋር መገናኘት የማይቀርበት ጊዜ ሆነ። የሁለቱም ወገን ፖለቲከኞች ነገሩን በማባባስ ይወቀሱ ነበር።

በኤፕሪል 2006 መንግሥት የአካባቢውን የፓርላማ አባላት በአንድ ላይ ወደ ማርሳቢት ለመላክ ወሰነ። የጠበኞቹ ተወካዮች በአንድ አውሮፕላን ተሳፍረው፣ በአንድ መድረክ ቆመው ለሕዝባቸው እንዲናገሩ ነው። ኤፕሪል 10 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ የኬንያ አየር ኃይል ዋይ 12 አውሮፕላን 17 ሰዎችን ይዞ ከናይሮቢ ተነሣ። የማርሳቢት ተራራ በዙሪያው ካለው በረሃ መሐል ብቻውን የሚነሣ፣ በደን የተሸፈነና ብዙ ጊዜ ጉም የሚያለብሰው ተራራ ነው። አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲቃረብ ከተራራው ጋር ተጋጨ፤ 14 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ቦናያ ጎዳና፣ የሞያሌው ተወካይ ዶክተር ጉራቻ ገልገሎ፣ የሳኩው አብዲ ሳሱራ፣ የላይሳሚሱ ታይተስ ንጎዮኒ፣ የአገር ውስጥ ጸጥታ ረዳት ሚኒስትሩ ሚሩጊ ካሪዩኪ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የሕግ አውጪ ጉባኤ የኬንያ ተወካይ የነበሩት አብዱላሂ አደን፣ እንዲሁም የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ረዳት ጳጳስ ዊልያም ዋቆ ይገኙበታል። የሰሜን ኬንያ ማኅበረሰብ በአንድ ጠዋት የገብራውንም የቦረናውንም መሪዎች አብሮ አጣ።

ሐዘኑ ያልተጠበቀ ውጤት አስከተለ። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ለሰላም ሲሄዱ የሞቱትን ልጆቻቸውን ስም ይዘው ወደ ጉባኤ ተመለሱ። በጁላይ 2009 በማይኮናና በዋልዳ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በዱካናና በኢትዮጵያ በምትገኘው በዲሎ ተሰብስበው የሰላም ስምምነት አወጁ። ለነፍስ ግድያ፣ ለከብት ስርቆትና ወንጀለኛን ለደበቀ ሰው የሚከፈለውን ካሳ በዝርዝር ወሰኑ፤ የድንበሩ መስመር ከስምምነቱ ለሚያመልጡ መሸሸጊያ እንዳይሆን ከሁለቱም አገር ሽማግሌዎች ገቡበት። ቦናያ ከተወለዱባት መንደር የወጣው ይህ ውል የመንግሥታት ፊርማ አልነበረበትም፤ ሆኖም ተፈጻሚነቱ ከብዙ የመንግሥት ውል የተሻለ ነበር።

በኖርዝ ሆር ወንበራቸውን የወረሱት ኡኩር ያታኒ የማሟያ ምርጫውን አሸንፈው ፓርላማ ገቡ። በኋላም በኦስትሪያ የኬንያ አምባሳደር፣ በ2013 የማርሳቢት አውራጃ የመጀመሪያው አስተዳዳሪ፣ ከ2019 እስከ 2022 የኬንያ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ከዚህ ደረቅ ምድር በተከታታይ ሁለት ዲፕሎማቶች መውጣታቸው የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስልም፤ በድንበር የሚያድግ ልጅ ከጎረቤት ጋር መደራደርን ቀድሞ ይማራል።

ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። በማርች 2012 ምዋይ ኪባኪ፣ መለስ ዜናዊና ሳልቫ ኪር የላሙ ወደብን ከኢትዮጵያና ከደቡብ ሱዳን ጋር የሚያገናኘውን የላፕሴት ኮሪደር በላሙ አስጀመሩ፤ የወደቡ የመጀመሪያ ማረፊያ በሜይ 2021 ተመረቀ። የሞያሌን ሕይወት ከሁሉ በላይ የለወጠው ግን ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ የተዘረጋው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አስፋልት ነው፤ አብዛኛው ገንዘብ ከአፍሪካ ልማት ባንክና ከአውሮፓ ኅብረት የመጣ ነበር። ከአስፋልቱ በፊት ተጓዡ በከብት መኪና ላይ ተጭኖ፣ በታጠቀ አጃቢ፣ በአቧራ ውስጥ ቀናት ይፈጅ ነበር። አሁን ማታ ከሞያሌ የተነሣ አውቶቡስ በማግስቱ ናይሮቢ ይደርሳል። ዲሴምበር 7 ቀን 2015 ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታና ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በሞያሌ ተገናኝተው የማርሳቢት አውራጃንና የቦረና ዞንን የሚያስተሳስር ድንበር ተሻጋሪ የሰላምና የልማት ፕሮግራም አስጀመሩ። ዲሴምበር 9 ቀን 2020 ደግሞ ኬንያታና ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የጋራውን የድንበር ኬላ መረቁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሁለቱ አገሮች የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሠራተኞች በአንድ ሕንፃ ይቀመጣሉ፤ ተጓዡ የሚቆመው በሚገባበት አገር በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ2022 መጨረሻ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ በተዘረጋው 1,045 ኪሎ ሜትር መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ለኬንያ መሸጥ ጀመረ።

ከግንባታዎቹ ጎን የደረሱት ክስተቶች ግን ጉዳዩ በአስፋልት ብቻ እንደማይቋጭ ያሳያሉ። በዲሴምበር 2013፣ የአዲሱ የአውራጃ አስተዳደር ሥልጣንና በጀት ለማን ይሁን በሚል ፉክክር ውስጥ፣ በኬንያ ሞያሌ የገብራና የቦረና ወገኖች ተጋጩ፤ ቤቶችና ትምህርት ቤት ተቃጠሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ሸሹ። በማርች 2018 ደግሞ በኢትዮጵያ ሞያሌ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ገድለው ወደ 10,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያ ተሰደዱ። በሁለቱም ጊዜ የተሰደደውን ቀድሞ የተቀበለው የጎረቤት ቤት ነበር፤ የመንግሥታትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እርዳታ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ለነጋዴውና ለእረኛው የቀረው ሥራ በአብዛኛው የሕግ ሥራ ነው። ኬንያ በ2018፣ ኢትዮጵያ በ2019 የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጠና ስምምነትን አጽድቀዋል፤ ሁለቱ አገሮች በኮሜሳ በኩል ያልገጠመላቸውን የታሪፍ ጉዳይ በዚህ በር የመፍታት ዕድል አላቸው። በ2020 የኢጋድ አባል አገራት ሚኒስትሮች የአርብቶ አደሮችን ወቅታዊ ድንበር ተሻጋሪ እንቅስቃሴ የሚመለከት ፕሮቶኮል ተቀብለዋል። ፕሮቶኮሉ የ1907ቱን የግጦሽ አንቀጽ ከሁለት መንግሥታት ውል ወደ ቀጠናው የጋራ ሕግ የሚያሳድግ ነው፤ እንስሳትና እረኞች በነጻነት፣ በሰላምና በሥርዓት እንዲሻገሩ ይፈቅዳል፤ በአንጻሩም ከብቱ ተከትቦ፣ ምልክት ተደርጎበት፣ የሚሻገርበት ቦታና ጊዜ ታውቆ እንዲሄድ ይጠይቃል። ለሞያሌ ይህ ማለት በሁለቱም አገር ተቀባይነት ያለው የክትባት ወረቀት፣ በየወረዳው በቂ የእንስሳት ሐኪም፣ እንዲሁም የማይኮናና የዲሎ ሽማግሌዎች የወሰኑትን ካሳ የሚያውቅ ፖሊስና ዳኛ ማለት ነው።